«እህል አልወርድ አለኝ»

በምግብ ሰዓት በየቤታችሁ ማን ምን ያህል እንደ በላ የሚቆጥረው ማን ነው? የልጆችን ጉርሻ እናት ትቆጥራለች። ሕፃኑ ሁለት ጉርሻ ያጎደለ ቀን ግንባሩ ይዳሰሳል፣ ቤቱ ይሸበራል። እናት የከሳች እንደ ሆነም ቢያንስ ጎረቤት «ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል። የአባትን ጉርሻ ግን ማንም አይቆጥርም። «ጠግቤአለሁ» ካለ ጠግቧል፤ «ውጭ ቀማምሼ ነው የመጣሁት» ካለም ይታመናል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ላጫውታችሁ የፈለግሁት «ጠግቤአለሁ» ከሚለው ቃል ጀርባ ተደብቆ ብዙ ወራት ሊቆይ ስለሚችል አንድ በሽታ፣ በዚያውም በዚሁ በሽታ ስላጣሁት ስለ አባቴ ነው።

ትውልዴ በአርሲ፣ ሲሬ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ዴራ ላይ የታጠፈ ሰው ያገኛታል። ስንዴና ጤፍ የሚታፈስባት፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀሉ የሚውሉባት አገር ናት። አባቴ እዚያ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። የሲሬ ሰው በስሙ ሳይሆን «ባርሲሳ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ስሙ አልተለወጠም።

በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አባቴ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ወጣት ነበር። ቀን ልጆችን፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን የልጆቹን ወላጆች ያስተምር ነበር። የዘመቻው ትምህርት እያደር በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተሰጠ ሲሆን፣ ኦሮምኛውም በዚያ ዘመን የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። አባቴ ያን ጊዜ የማታውን ትምህርት ያዘጋጅበት የነበረው ደብተር እስከ ዛሬ በእጃችን አለ፤ ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ። ከማታ ተማሪዎቹ አንዷ ደግሞ እናቴ ነበረች። እርሷ ስታወራው፣ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት የቆጠረችው መምህሩ ስንት ጊዜ ወደ እርሷ መቀመጫ እንደ ተመላለሰ ነው።

በምግብ በኩል የአባቴ ጠባይ የደገኛ ጠባይ ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃውን ረግጦ ቤት ሲገባ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የተንጣለለበት፣ አሁን ከድስት የወጣ የገብስ ገንፎ። አስቀድሞ ለእርሱ ይቀርባል፤ ትኩስነቱም የክብሩ መለኪያ ነው። እናንተም በየቤታችሁ የምታውቁት ነው፤ ለአባወራና ለእንግዳ የበረደ ማቅረብ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ቡናም እንደዚሁ ነው። ከጀበናው ወርዶ እንፋሎቱ ሳይጠፋ ፉት ያላለ ሰው ቡና የጠጣ አይመስለውም።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እናቴ አንድ ነገር ልብ አለች። አባቴ በየጉርሻው ውሃ ይጎነጫል። ቀጥሎ ዳቦ ተወ፤ «ጥርሴ አስቸገረኝ» አለ። ቆሎም ተወ። ሥጋ ሲቀርብ ለልጅ ልጆቹ እያጎረሰ ከማዕዱ ይነሣ ጀመር፤ ይህንንም ሰው ሁሉ ከደግነቱ ቆጠረለት። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠው፤ ዕድሜውን በጠመኔ ብናኝና በባዶ ሆድ ቡና የገፋ መምህር ጨጓራ ቢያመው ማንን ይገርመዋል? ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ያየችው እናቴ ናት። «ዛሬስ እውነቱን ሳትነግረኝ አትወጣም» ብላ በር ላይ ስትቆምበት ነው፣ «እህል አልወርድ አለኝ» ያላት።

እናቶችና እኅቶች፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ። የምግብ መውረጃ ቧንቧ ከጉሮሮ ተነሥቶ በደረት ውስጥ አልፎ ጨጓራ የሚደርስ፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቱቦ ነው። በውስጡ ነቀርሳ (ካንሰር) ሲያድግበት መተላለፊያው ቀስ በቀስ ይጠብባል። ቱቦው የመለጠጥ ጠባይ ስላለው ሰውየው እህል መታገዱ የሚሰማው ብዙ ከጠበበ በኋላ ነው፤ በሽታው ዘግይቶ የሚታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዳቦ፣ ሥጋና ቆሎ ደረት ላይ ይቆማሉ። ቀጥሎ እንጀራው ያለ ውሃ አይወርድም። ከዚያ ገንፎው፣ ከገንፎው አጥሚቱ፣ በመጨረሻም የገዛ ምራቅ እንኳ ተመልሶ ይመጣል። ሰውነት ይመነምናል፤ አንዳንዱ ሰው ድምፁ ይሻክራል፣ ያስለዋል። ጨጓራ ያቃጥላል፣ ይነፋል፤ እህል በደረት ላይ ማቆም ግን የተለመደ ጠባዩ አይደለም። ስለዚህ እህል እየታገደበት ሳምንታት ያስቆጠረ ሰው፣ በተለይም ዕድሜው የገፋ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ሌላ ጠርሙስ የጨጓራ ሽሮፕ ሳይሆን በኢንዶስኮፒ መታየት ነው። ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ ነው፤ በአፍ ገብቶ ውስጡን ያሳያል፣ ለምርመራም ቅንጣት ሥጋ ቆርጦ ያመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አባቴን ያዩት ሐኪም ከየት እንደ መጣ ጠይቀውት «ከአርሲ» ሲላቸው፣ ብዕራቸውን ቆም አድርገው ቀና እንዳሉ አስታውሳለሁ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁ። በአዲስ አበባ ታላላቅ ሆስፒታሎች በዚህ ነቀርሳ ተይዘው ከሚታከሙት መካከል የአርሲና የባሌ ሰዎች እጅግ በዝተው እንደሚገኙ ሐኪሞች ካስተዋሉ ቆይተዋል። ነገሩም በእኛ አገር ብቻ አያበቃም። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀውን የአህጉሩን ምሥራቃዊ ክፍል ተመራማሪዎች የዚህ በሽታ መተላለፊያ ሰቅ አድርገው ነው የሚያዩት። ከአፍሪካ ውጭም በሰሜን ኢራን፣ ጎለስታን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ እንዲሁም በአንዳንድ የቻይና ገጠሮች በብዛት ይታያል። የሰዎቹ ሃይማኖትና ቋንቋ እየቅል ነው፤ ሴት ወንድ፣ አጫሽ የማያጨስ ሳይል ይይዛቸዋል።

ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል? ሲጋራና አልኮል በሽታውን እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ነው። ሆኖም አባቴ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ እንደ እርሱ ያሉ ታማሚዎች ብዙዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከተጠራጠሯቸው ነገሮች አንዱ ሙቀት ነው። የጎለስታን ሰዎች ሻይ የሚጠጡት ሲንተከተክ ነው። በደቡብ አሜሪካም ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ እጅግ ትኩሱን በቀሰም የሚስቡ ሰዎች ለዚሁ በሽታ እንደሚጋለጡ ታይቷል። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶችም ገንፎ ማዘውተር በታማሚዎቹ ዘንድ ጎልቶ ተገኝቷል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2008 ዓ.ም. ያለውን ማስረጃ ሁሉ መርምሮ፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ መጠጣት ይህን ነቀርሳ የማምጣቱ ዕድል የጎላ መሆኑን አስታውቋል። ያን ጊዜ ቡናና ማቴ ራሳቸው ተለይተው ታይተዋል፤ ክሱ በሙቀቱ ላይ እንጂ በቡናው ላይ አይደለም። እጅግ ትኩስ የሆነ ነገር የቧንቧውን ስስ ገበር ዕለት ዕለት ይልጠዋል፤ ቁስሉ እየዳነ እንደ ገና ሲላጥ ዓመታት ያልፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የአባቴን ነቀርሳ ያመጣው ይህ ገንፎ ነው ሊል የሚችል ሐኪም የለም። በዚህ ዓይነት ወሬ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ማጀት ወርውሮ ሴትዮዋን መክሰስ ከጥንት የለመድነው ክፉ ልማድ ነው፤ ይቅር። እናቴ ገንፎውን ከእሳት እንደ ወረደ ያቀረበችው ስለምትወደውና ስለምታከብረው ነበር፤ እናቷም ለአባቷ ያቀረበችው እንደዚያው ነው። ማስረጃው ሙሉ ባይሆንም መጠንቀቁ ግን ምንም አያስወጣም። እንደ አሰላ ባለ ደጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ፣ ከጀበናው የወረደ ቡና ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ይበርዳል። የገንፎ ነገር ግን ያታልላል። ዳር ዳሩ ሲበርድ መሐሉና ቅቤው ትኩሳቱን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ሰፋ ባለ ሳህን ዘርግቶ ማቆየቱ ይሻላል። ለነገሩ በአርሲ የእንግዳ ምግብ ሁሉ ትኩስ መሆን አለበት ያለ የለም። ጭኮ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ ተለውሶ ሳይሞቅ ነው የሚበላው፤ ክብሩስ መቼ ጎደለ?

ወደ አባቴ ልመለስ። ምርመራው ሲደርስ ነቀርሳው በቀዶ ጥገና ከሚወጣበት ደረጃ አልፎ ነበር። የጨረር ሕክምና በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ በአንድ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር ወረፋው ረጅም ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። የተደረገለት በጠበበው ቦታ ላይ መተላለፊያውን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ፣ ሐኪሞች ስቴንት የሚሉትን፣ ማስገባት ነበር። ይህ በሽታውን አያድንም፤ ሰው ግን በረሃብ እንዳይሞት ያደርገዋል። ቱቦው በገባ በማግሥቱ አንድ ኩባያ አጥሚት ሳያቋርጥ ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት አስታማሚዎች ሁሉ እንደ ሠርግ አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ በአገራችን በየቤቱ የሚታወቅ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ «እንዳይነገረው» ብሎ ወሰነ። «ጨጓራህ ቆስሎ ነው፣ ይድናል» ተባለ። የዘመዶቼ አሳብ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልክድም፤ ክፉ ወሬ ያለ ጊዜው ይገድላል የሚለው እምነታችን ጥልቅ ነው። መርዶ እንኳ ሲነገር ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ አይደለም? ነገር ግን አባቴ መምህር ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሕክምና ካርድ አልጋው ላይ ተጋድሞ ራሱ አነበበው። ሁለት ሳምንት ያህል እኛ የማያውቅ መስሎን፣ እርሱም የማያውቅ መስሎ ተቀመጥን። በመጨረሻ ታናሽ ወንድሜን ጠርቶ፣ «ልጄ፣ ካርዱ ላይ ያለው ቃል ጨጓራ ማለት አይደለም። ጊዜ አታባክኑብኝ» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቀለለው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ደብተር አስመጣ። የእድሩ መዋጮ እስከ የትኛው ወር እንደ ተከፈለ፣ ከማን ስንት ኩንታል ስንዴ እንደሚፈለግ፣ ለማን ዕዳ እንዳለበት አንድ በአንድ አስመዘገበ። ከሁሉ ይልቅ ግን እናቴን የጠቀማት ሌላው ነው። ሁለቱ የተጋቡት በሽማግሌ ነበር፤ ወረቀት የሚባል ነገር በእጃቸው አልነበረም። የጡረተኛ ባል ሲሞት ጡረታው ለሚስት በግማሽ ይተላለፋል፤ ሚስት መሆኗን የሚያስረዳ ማስረጃ ግን ይጠየቃል። አባቴ ጋብቻውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ፣ እርሱም ብዕር መያዝ እየቻለ፣ በክራንች ተደግፎ ሄዶ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አስወጣ። ፎቶግራፍ ሲነሡ፣ «ከአርባ ዓመት በኋላ ሙሽራ ሆንሽ» ብሎ ቀለደባት። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ባልዋ በድንገት የሞተባት ሴት ምስክር ፍለጋ ስትንከራተት ያየ ሰው የዚህን ወረቀት ዋጋ ያውቀዋል። «ይድናል» እየተባባልን ብንቀጥል ኖሮ እናቴም ከነዚያ አንዷ በሆነች።

ድምፁን በስልክ መቅዳት የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። ስለ ማታው ትምህርት ቤት፣ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አያቶቻችን ሰዓት ሙሉ አወራን። የተቀዳው ድምፅ ግን ያ ከክፍሉ ወጥቶ ሜዳውን የሚሞላው ድምፅ አይደለም፤ በሽታው ወስዶት ጆሮ ካላስጠጉ የማይሰማ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። እናንተ ጤነኛ አባት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጥታችሁ እስቲ ስለ አንድ ነገር ጠይቁት፤ ስለ መጀመሪያ ደመወዙም ቢሆን።

አባቴ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ዐረፈ። የእድሩ ድንኳን ሳይተከል ግቢው በሰው ሞላ። በሲሬ ለቅሶ ክርስቲያኑና እስላሙ አይለይም፤ ንፍሮውን የቀቀሉት የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ናቸው። ከማታ ተማሪዎቹ መካከል በሕይወት ያሉ አሮጊቶች በምርኩዝ እየተደገፉ መጥተው በኦሮምኛ አለቀሱት፤ አንዷማ ሙሾዋን ትታ ፊደል ትቆጥርለት ጀመር።

ድግስን በተመለከተ ደብተሩ ላይ «ለአርባዬ በሬ እንዳይታረድ» የሚል ቃል ተገኘ። አክስቴ በዚህ በጣም ተቀየመች። «ወንድሜ እንደ ችግረኛ በደረቁ ሊታለፍ ነው? ሰውስ ምን ይላል?» አለች። ክርክሩ ሦስት ቀን ቆየ። በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያንና ለነዳያን ዳቦና ጠላ ብቻ እንዲሆን ተስማማን፤ አክስቴ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይቅር ያለችን አይመስለኝም። እኔ በእርሷ አልፈርድም። ወንድምን በአደባባይ ማክበር ለእርሷ የቀረላት የመጨረሻ ሥራ ነበር።

ሟችን የማሰቢያው መንገድ ብዙ ነው። በአርሲና በባሌ ገጠር የተጓዛችሁ በየመንገዱ ዳር ያሉትን መቃብሮች ሳታዩ አልቀራችሁም። በሲሚንቶ ተሠርተው በደማቅ ቀለም ይሳላሉ፤ ሟቹ ጦሩን ይዞ በፈረሱ ላይ ተቀምጦ፣ ከብቶቹም አብረውት ይታያሉ። መንገደኛው ማንበብ ባይችልም ሰውየው ማን እንደ ነበር ይረዳል። ሌላው ደግሞ በጽሑፍ ያስባል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ሲሞት ልጆቹ ገና ትንንሾች ነበሩ። ልጁ ጽጌ አበበ ካደገች በኋላ የአባቷን ታሪክ ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጋ አሳትማለች። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሰው እንኳ የገዛ ልጁ ስትጽፈው ሌላ ነው።

የእኛ አባት ዓለም የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የቀረን ያ የመሠረተ ትምህርት ደብተር ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በሲሬ ያሉት የልጅ ልጆቹ ሊያነብቡት አይችሉም። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው፤ የደብተሩ ኦሮምኛ ግን በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። ቋንቋውን ልጆቹ ያውቁታል፣ ፊደሉን አሮጊቶቹ ያውቁታል።

ባለፈው ክረምት ሲሬ ሄጄ ያየሁት ይህን ነው። ከእራት በኋላ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከደብተሩ እየቆጠረች ጮክ ብላ ታነብባለች፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የወንድሜ ልጅ ደግሞ በአዲስ ደብተር ላይ በቁቤ ትገለብጣለች። የቀረበው ቡና በረከቦቱ ላይ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ይቆያል፤ እንግዳ ቢያጉረመርምም እናቴ «ትንሽ ይብረድ» ብላ ሲኒውን ወደ ራሷ ትስባለች። አንዳንዴ በአንድ ቃል ይጣላሉ፤ ልጅቱ «እንዲህ አይጻፍም» ትላለች፣ አያቷ «ባርሲሳ የጻፈው እንዲህ ነው» ትላለች። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ደርሰዋል።